በግራ ጆሮዬ የለካሁት ዘፈን

ድሬዳዋ፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ፣ አባትም እናትም ሆነው ላሳደጉኝ ታላቅ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱልኝ? እትዬ ሰርካዲስ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? ጉልበትዎን ያምዎት የነበረው ተሻለዎ ወይስ አሁንም ደረጃ ሲወጡ ጥርስዎን እየነከሱ ምንም አልሆንኩም ይላሉ? የጅማ ዝናብ እንጨቱን እያረጠበ ሥራ እንዳያስፈታዎ እሰጋለሁ። እኔ በእርስዎ ጸሎት ደህና ነኝ። ፍልሰታን ይዣለሁ፤ በዚህ ሙቀት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የሚናፍቀኝ ምግቡ ሳይሆን ውሃው ነው።

በጥር የጻፉልኝ፣ በሚያዝያም የደገሙልኝ ደብዳቤ ሁለቱም ደርሰውኛል። በሁለተኛው ላይ ምን አስቀየምኩህ ብለው ጠይቀውኛል። ያቺን ቃል ሳነብ አፈርኩ። ጋሼ፣ ምንም አላስቀየሙኝም። ዝም ያልኩት ደህና ሳልሆን ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልዎ ስላልፈለግሁ ነው። እርስዎ ደግሞ በደብዳቤም ቢሆን ውሸቴን ያውቁብኛል፤ ትንሽ ልጅ ሳለሁም ያውቁብኝ ነበር። አሁን ግን ተገላግያለሁ። ሰባት ወር ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነሥቶ ሄዷል፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

ሰው ሲጠይቅዎ ወንድሜ ሬዲዮ ይጠግናል እንደሚሉ አውቃለሁ። እውነትም ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሥራዬ ሌላ ነው። አብዲቃድር የሚባል መጋላ ሰፈር ውስጥ ሬዲዮና የዘፈን ሸክላ የሚሸጥ ነጋዴ ከጅቡቲ ሁለት የቴፕ መቅረጫ አስመጣና፣ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን የጆንያ ክፍል ለእኔ ሰጠኝ። ዘፋኞች እዚያ መጥተው ይዘፍናሉ። በአንደኛው መቅረጫ እንደወረደ እይዛቸዋለሁ። ከዚያ ያንን እያጫወትኩ፣ የጎደለውን እየሞላሁ የበዛውን እየቀነስኩ፣ በሁለተኛው መቅረጫ ላይ እገለብጠዋለሁ። ይህን ሁለተኛውን ሥራ ማጣራት እንለዋለን። የተጣራው ቴፕ በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ባሕር ማዶ ወዳለ ፋብሪካ ይሄድና ከሦስት ወር በኋላ ሸክላ ሆኖ ይመለሳል።

ሰው ቁልፍ መጫን ይመስለዋል። ያለን ማይክሮፎን አንድ ብቻ ነው፤ ከጣሪያው ወራጅ ላይ በገመድ አንጠልጥዬዋለሁ። ስለዚህ ድምፅ የማመጣጥነው ሰው በማንቀሳቀስ ነው። ከበሮ መቺው ሚሬ እጁ ከባድ ነውና በሩ ሥር አስቀምጠዋለሁ፤ ሁልጊዜም ያኮርፈኛል። ዑድ የሚጫወተው ተማም ከማይክሮፎኑ ሦስት እርምጃ ላይ ነው። ዘፋኟ ኡባህ ማይክሮፎኑ ፊት ትቆማለች፤ እግሯ ሥር በጠመኔ ሁለት ምልክት አድርጌያለሁ፤ ድምጿን ስታወጣ ወደ ኋላኛው ትሸሻለች፣ ስታለሳልስ ወደ ፊተኛው ትመጣለች። የምንቀርጸው ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ነው፤ ከተማው በሙሉ ጫቱን ይዞ ጥላ ውስጥ በሚገባበት፣ ጋሪ እንኳ በማይሄድበት ሰዓት። ማራገቢያው ስለሚጮህ ይጠፋል። ድምፅ እንዳይመታና እንዳይመለስ ግድግዳው በብርድ ልብስና በጆንያ ተሸፍኗል። እንግዲህ በድሬዳዋ ቀትር፣ ማራገቢያ አጥፍተን፣ በብርድ ልብስ ተከበን የምንቀመጥ ሰዎች ነን። እብድ ቢሉን አልቀየምም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በጥቅምት የኡባህን የመጀመሪያ ዘፈን ቀረጽን። ኡባህ የጅጅጋ ልጅ ናት፤ ድምጿ ወፈር ያለ፣ መሬት የነካ ድምፅ ነው፤ ሰው ለሠርግ ከሩቅ ይመጣላታል። አብዲቃድር መርከቡ ሊያመልጠን ነው እያለ በር ላይ ቆሞ ሲያጣድፈኝ በአንድ ከሰዓት አጣርቼ ሰጠሁት። በጥር ሸክላው መጣ። ሱቁ ውስጥ ሰው ሰብስቦ አጫወተው። ጋሼ፣ የሆነው ነገር ምን ይባላል? የኡባህ ድምፅ እንደ ቆርቆሮ ተፋቀ። «ስ» ባለች ቁጥር ዘይት ውስጥ ውሃ የገባ ይመስል ተንጫጫ። የሚሬ ከበሮ ሆዱን አጥቶ ጣውላ ሆነ። ተማም ሸክላው ሳያልቅ ወጣ። የኡባህ እናት ጅጅጋ ሆነው ሸክላውን ሲሰሙ ይህቺ ፍየል ማን ናት አሉ ተብሎ ተነገራት።

አብዲቃድር ፋብሪካው ነው ያበላሸው አለ። እኔም ፋብሪካው ነው አልኩ። ልቤም ያምን ነበር፤ እኔ የላክሁት እንዲህ እንዳልነበረ በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ ነበርና። ፈረንሳይኛዬ ከእርሱ ስለሚሻል፣ ሥራችሁ የልጆች ሥራ ነው የሚለውን ደብዳቤ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። አሳምሬ ጻፍኩት። በመጋቢት መልስ መጣ። ቴፑን መልሰውልን ሁለት መስመር ጽፈዋል፤ የላካችሁትን ነው ያተምነው፣ እናንተው አዳምጡት ይላል።

ተቆጥቼ ለማዳመጥ ተቀመጥኩ። እዚህ ላይ አንድ ልማዴን ልንገርዎ። ዘፋኞቹና እኔ የምንቀመጠው አንድ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ማዳመጫውን በሁለቱም ጆሮዬ አላደርገውም። ቀኙን አደርግና ግራውን ወደ ኋላ እገፋዋለሁ፤ በግራዬ ሰዎቹን፣ በቀኜ ቴፑን እሰማለሁ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምሠራው። ለምን በተቃራኒው እንዳልሆነ አስቤው አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ብቻዬን ስለነበርኩ በሁለቱም ጆሮዬ አደረግሁት፤ ድምፁ በቀኙ በኩል ድፍን ያለ መሰለኝ። ማዳመጫው ተበላሽቷል ብዬ ፈታሁት፤ ሽቦውን እንደገና በየድኩ፤ ገጠምኩት። ያው ነው። ሲቸግረኝ ገልብጬ፣ የቀኙን በግራዬ የግራውን በቀኜ አደረግሁት። ብልሽቱ ከማዳመጫው ጋር አብሮ አልዞረም። እዚያው ቀኝ ጆሮዬ ላይ ቀረ።

በግራዬ ስሰማው የኡባህ ድምፅ ቴፑ ላይ ልክ እንደ ሸክላው ይፋቅ ነበር። ቀኙ ቀጭን ድምፅ ስለማይሰማ፣ ድምፁ የደበዘዘ እየመሰለኝ የቀጭኑን ቁልፍ ስጨምር፣ ስጨምር፣ መጨረሻው ድረስ አዙሬዋለሁ። ፋብሪካው ምንም አላጠፋም። ፍየሏን የሠራኋት እኔ ነኝ።

ጋሼ፣ እርስዎ ከአፍዎ ቀንሰው ያስተማሩኝ ሙያ ከጆሮ ወዲያ ምንም የለውም። እንጨት ጠራቢ ዓይኑ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ያስቡት። እዚያች ክፍል ውስጥ ብርድ ልብሱን ተደግፌ ተቀመጥኩና ማልቀስ ቃጣኝ፤ ቢሆንም ሙቀቱ ለእንባ የሚተርፍ ውሃ አልተወልኝም።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በመብራት አየኝና ቀኝ ጆሮህ ውስጥ የቆየ ጠባሳ አለ፣ በልጅነትህ ተመትተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይ፣ በልጅነቴ የደቻቱ ወንዝ ውሃ ገብቶበት ነው አልኩት። ውሃ እንዲህ አያደርግም አለኝ። የእኛን ውሃ ስላላወቅከው ነው አልኩት። ሳቀና ተወኝ። ግራው የጤነኛ ሰው ጆሮ ነው፣ ቀኙም ከዚህ በላይ አይብስም ብሎ አሰናበተኝ። ሰው ሲያናግረኝ አንገቴን ወደ ቀኝ አዘንብዬ ግራዬን የምሰጠውም ለዚህ ኖሯል። እርስዎ ቀጥ ብለህ ስማ እያሉ ይቆጡኝ ነበር፤ እኔም አመል ነው ብዬ ተቀብዬው ኖሬያለሁ።

እንግዲህ በግራ ጆሮዬ ብሠራ ነገሩ ይቃናል። ግን የጻፍኩት ደብዳቤስ? አብዲቃድር ደግሞ በመልሱ ተናዶ፣ ከእናንተ ጋር እስከ ወዲያኛው ተለያይቻለሁ የሚል ሌላ ደብዳቤ እንድጽፍለት በየቀኑ ይጨቀጭቀኝ ጀመር። ዛሬ ቀለም የለም፣ ነገ ራሴን አመመኝ እያልኩ ሦስት ሳምንት ሸሸሁት። ኡባህም ቁርጥ አድርጋ ነገረችን፤ አንድ ዘፈን እጨምራችኋለሁ፣ እሱም እንደዚያ ከሆነ ከዚህ በኋላ በዚህ ከተማ ለማሽን አልዘፍንም። ልቅረጽ ብል በእሷ ላይ ቁማር መጫወት ነው፤ ልንገራቸው ብል ጆሮ የሌለው ድምፅ አጣሪ ማን ያስቀምጣል? በእነዚያ ሳምንታት ነው ሁለተኛው ደብዳቤዎ የደረሰኝ። ምን ብዬ ልመልስ?

በመጨረሻ አንድ ቀን ብዕሩን እጄ ላይ አስይዞ በል ጻፍ ሲለኝ፣ አልጽፍም፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም አልኩት። ኡባህም እዚያው ነበረች። አብዲቃድር ጫቱን አስቀመጠ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? አቦ አንተ፣ ሸክላው ራሱ በስንት አፍ ነው የሚናገረው? ባንድ አፍ አይደል? ባንድ አፍ ለሚናገር አንድ ጆሮ ይበቃዋል ወላሂ፣ ሁለተኛውን ለሚስትህ ጭቅጭቅ አስቀምጠው አለኝ። ሚስት የለኝም አልኩት። እንግዲያ ምን አነሰህ አለና ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ግን ብዕሩን መልሼለት ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ።

ኡባህ አልሳቀችም። አንተ ነህ ፍየል ያደረግከኝ አለችኝ። አዎ አልኳት። ሦስት ወር እናቴ ፊት እንዳልቀርብ ያደረግከኝ አለች። አዎ አልኳት። ማዳመጫውን አነሣችና፣ ትቀርጸኛለህ፣ ስታጣራ ግን በቀኝህ እኔ እቀመጣለሁ፣ የማዳመጫው አንዱ ጆሮ የእኔ ነው አለች። ውሳኔዋ ይኸው ሆነ።

በዚህ መልክ የሠራነው ሥራ በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ የተሻለ ነው። ዘፋኝ አጠገቡ አስቀምጦ የሚያጣራ ሰው አሳሩን ያያል፤ ኡባህ የእኔን ጨምር ትላለች፣ ተማም ዑዱ የት ገባ ይላል፣ ሚሬ ከበሩ ሥር ሆኖ በዓይኑ ይለምነኛል፣ አብዲቃድር ደግሞ ሁሉንም ጨምርና ከደቻቱ ማዶ ይሰማ ባይ ነው። ሁሉም ከተጨመረ ምንም አልተጨመረም ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ለፋሁ። በመጨረሻ መንገድ አገኘሁ። መጀመሪያ ጆሯችንን ለማስተካከል፣ በደንብ እንደተሠራ የምናውቀውን አንድ የሱዳን ሸክላ እንሰማለን። ከዚያ የእኛን በሹክሹክታ ያህል ዝቅ አድርጌ እከፍተዋለሁ። በዚያ ዝቅታ ቃሏ ከጠፋ ዑዱ በዝቷል፤ የከበሮው ምት ከጠፋ ባሱ፣ ማለት ወፍራሙ ድምፅ፣ አንሷል። የድምፅ መጠን ጠቋሚው ቀዩን መስመር እንዳይነካ ሁልጊዜ ትንሽ ቦታ እተዋለሁ፤ ባሱም ከልክ ካለፈ የሸክላው መርፌ ይዘላል። ግማሽ ሰዓት ከሠራን ጆሮ ይሰለቻል፣ ጥሩውንም መጥፎውንም እሺ ይላል፤ ስለዚህ ወጥተን የደቻቱ ድልድይ ላይ እንቆማለን። ሁሉም ካለቀ በኋላም በሦስት ቦታ ሳልሰማው አልልክም። አንደኛ በሱቁ ትልቅ ድምፅ ማጉያ፣ ሁለተኛ በእኔ ቤት ትንሽ ሬዲዮ፣ ሦስተኛ በሻይ ቤት። መቅረጫውን በጋሪ ጭኜ ሻይ ቤት እወስድና የማን እንደሆነ ሳልናገር እከፍተዋለሁ። ሰዎቹ ፊታቸውን ካኮሳተሩ ቀጭኑ በዝቷል። ሳያውቁት ብርጭቋቸውን በጣታቸው መምታት ከጀመሩ ጨርሻለሁ። በጥቅምት ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላየሁ ነበር።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ይህን የምጽፈው ለእርስዎ ብቻ ነው። ዘፈኑን በሚያዝያ መጨረሻ ስንቀርጽ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ኡባህ በማግስቱ ለሠርግ በባቡር ልትሄድና ለማጣራቱ ከሳምንት በኋላ ልትመለስ ነው፤ ስምንት ጊዜ አዘፍኜያት ስምንቱንም አልወደድኩትም። ዘጠነኛው ላይ ሁሉም ነገር በቦታው ገባ። ልትጨርስ ስትል፣ ዑዱ ብቻ ሲቀር፣ በግራ ጆሮዬ በማዳመጫው ውስጥ ከዘፈኑ ሥር አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ። ማንም አልሰማውም። እኔ ግን ምን እንደሆነ ወዲያው አወቅሁት። ደቻቱ ነበር። ላይ ተራራው ላይ ዘንቦ እየመጣ ነበር። በደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ ከብት የሚያሳልፉ ሰዎች ነበሩና ቴፑን ሳላቆም ሮጬ ወጥቼ ጮህኩ። ሰማዩን እያዩ ሳቁብኝ፤ ቢሆንም ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ውሃው ደረሰ።

እዚያ ዳር ቆሜ የአርባ ሁለት ዓመተ ምሕረቱ ቀን መጣብኝ። ያን ቀንም ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እርስዎ ከወዲህ ዳር ሆነው አሸዋው ላይ አውልቄ የተውኩትን ሸሚዜን ውሃው ሲወስደው አይተዋል። ባዶ መሆኑን ግን አላወቁም። ግማሽ ቀን ሙሉ ስሜን እየጠሩ ዳር ለዳር እንደሮጡ በኋላ ሰዎች ነግረውኛል። ውሃው ጎደል ሲል እስከ ወገብዎ ገብተው ተሻግረው መጋላ ሲደርሱ፣ እኔ አንድ ባለሱቅ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ተምር እበላ ነበር። ፊቴም ላይ ጭንቀት የሚባል አልነበረም። ከዚያ የሆነውን ሁለታችንም እናውቀዋለን። በእኔ ውስጥ የቀረው ግን ተሸክመውኝ ሲሻገሩ ነው። ግራ ጆሮዬ ደረትዎ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ እስከ ቤት ድረስ ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ። እንደዚያ የሚያለቅስልኝ ሰው ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም። እትዬ ሰርካዲስ፣ ወንድምህ ልጆቹን በቁጣ እንኳ ነክቷቸው አያውቅም እያሉ ሲገረሙ፣ እኔ ዝም ነው የምለው።

ጋሼ፣ ያን ቀን ቢቆጡ ልጅ ጠፍቶብዎ ነበር። በዚህ ጉዳይ አሁንም ሌሊት የሚያስቡት ነገር ካለ፣ እለምንዎታለሁ፣ ይተዉት። ሐኪሙ ዘንድ የተናገርኩትን፣ ውሃ ገብቶበት ነው የሚለውን ቃል፣ ማንም ቢጠይቀኝ እደግመዋለሁ።

ሸክላው ባለፈው ሳምንት መጣ። መጋላ በሙሉ እሱን ነው የሚያጫውተው፤ የሚሬን ከበሮ ሆድ ጋሪ ነጂው ሳይቀር ያመሰግናል። የኡባህ እናት ከጅጅጋ፣ አሁን ልጄን አገኘኋት ብለው ልከዋል። አብዲቃድር ለፋብሪካው የይቅርታ ደብዳቤ አስጽፎኝ ከአንድ ከረጢት የሐረር ቡና ጋር ላከ፤ ደብዳቤውን ያለ ማንም ጭቅጭቅ በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት።

አንድ ሸክላ በአውቶቡስ ልኬልዎታለሁ። መርፌውን ይለውጡ፤ የእርስዎ ግራሞፎን መርፌ እኔ ሳልወለድ የተገዛ ሳይሆን አይቀርም። መጨረሻው ላይ ኡባህ ትጨርስና ዑዱ ብቻውን ይቀራል፤ ያን ጊዜ ድምፁን ቀስ በቀስ ወደ ታች አውርጄዋለሁ። ባሱንም የምችለውን ያህል ቀንሻለሁ። ሆኖም ልብ ብለው ከሰሙ ከዑዱ ሥር ደቻቱ አለ። አብዲቃድር የቴፑ ጉርምርምታ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ልደመስሰው እችል ነበር፤ ተውኩት።

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ጉልበትዎን ያጠንክርልኝ፤ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልዎ። እትዬ ሰርካዲስን እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ። ለታኅሣሥ ቁልቢ ገብርኤል እመጣለሁ ያሉኝን እንዳያስቀሩ፤ አልጋውን አዘጋጃለሁ። ሲመጡ ግን ሁልጊዜ በግራዬ በኩል ይቀመጡልኝ። እጅዎን ፈርቼ አይደለም፤ ከሚናገሩት አንድ ቃል እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው።

አክባሪዎና ወዳጅዎ፣
ታናሽ ወንድምዎ